ለደኅና ውሻ ሐኪም ፍለጋ

በእኛ ጊዜ ሐኪም የሚፈለገው ሲታመሙ ነበር። ሰውም ይሁን ከብት ሲታመም መጀመሪያ እስኪ ይደር ይባላል፣ ቀጥሎ አዋቂ ይጠየቃል፣ ጸበሉ ይሞከራል፣ አልሆን ካለ ሐኪም ይጠራል። ደኅና የሆነ ፍጡር ሐኪም ቤት በር ላይ ከታየ ወይ ጠያቂ ነው ወይ ዘበኛ። ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ሐኪም የሚያስፈልገው ጤነኛው ሆኗል። ከእኔ የበለጠ የሚበላ፣ ከእኔ የበለጠ የሚተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ራሱን አሞት የማያውቅ ውሻ ይዛችሁ የሰው አገር ከተማ ለከተማ "እባካችሁ ይህን ደኅና ውሻ ደኅና ነው በሉልን" እያላችሁ በር ስታንኳኩ ምን ትላላችሁ? እኔ ብዙ ብያለሁ። ከውሻው በቀር ያዳመጠኝ የለም።

ውሻው የልጄ የማርታ ነው። ጆሮው መሬት የሚጠርግ ስፓንየል የሚሉት ዘር ሲሆን ስሙም ቢስኩት ነው። አንበሳ፣ ነብሮ፣ ዳኘው የሚባሉ ስሞች ዓለም ላይ ሞልተው ሳለ የሚበላ ነገር ስም ያወጡለትን ሰዎች ከዚያ በላይ ምን እጠይቃቸዋለሁ። ማርታና እንግሊዛዊው ባሏ ለንደን ይኖራሉ፤ እኔም ከግብርና ሚኒስቴር በጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚያው ቅርባቸው ነኝ። ከፋሲካ በፊት መጥታ "አባዬ፣ ሁልጊዜ ብርድ ብርድ እያልክ ታማርራለህ፤ በካራቫን ስፔን እንወስድሃለን" አለችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ካራቫን የሚሉት መኪና ጎትቶት የሚሄድ ቤት ነው። ቀን ጠረጴዛ የነበረው ማታ አልጋ ይሆናል። አልጋው የእኔ፣ ከአልጋው ሥር ያለው ወለል የቢስኩት ነው ተብሎ ድንበር ተሰመረ፤ ሌሊት ሌሊት ድንበሩን ማን እንደሚጥስ መናገር አያስፈልገኝም።

ድሮ እንግሊዞች ጥሩ ሕግ ነበራቸው። ከውጭ የመጣ ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳያስገባ ስድስት ወር ተለይቶ ይዘጋበት ነበር። ስድስት ወር እንደሚታሰርበት እያወቀ ውሻውን ለሽርሽር ይዞ የሚወጣ ሰው የለም፤ ውሻው ቤቱ ይቀራል፣ ጎረቤት እራቱን ይሰጠዋል፣ ሰውም በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. ይህን አላልተው ክትባትና ወረቀት ያለው ውሻ ያለ እስር ይግባ አሉ። ያኔ ነው ነገር የተበላሸው። ቀጥሎ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣችና ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የእንግሊዝ ውሾች የያዙት ሰማያዊ ፓስፖርት ዋጋ አጣ። አሁን ለእያንዳንዱ ጉዞ የእንስሳ ጤና ምስክር ወረቀት የሚሉት ሌላ መዝገብ ይወጣል። መዝገብ ያልኩት በምክንያት ነው። ገጹ ብዙ፣ ማህተሙ ብዙ፣ ቋንቋው ሁለት ነው፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው መጀመሪያ የሚረግጡት አገር ቋንቋ።

ወረቀቱ እንዲወጣ ውሻው አንገቱ ሥር ማይክሮቺፕ ሊቀበርለት ይገባል፤ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ 21 ቀን ይጠብቃል። ከመጓዙ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ደግሞ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሐኪሙ ይፈርማል፣ ያትማል፣ ከመቶ ፓውንድ በላይ ይቀበላል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ለአንድ ወረዳ ሙሉ ከብት የወጣ እንዲህ ያለ ፋይል አላየሁም። ማርታ ፋይሉን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ከመሪው አጠገብ አስቀመጠችው። የእኔን ፓስፖርት የት እንዳደረገችው ስጠይቃት "የሆነ ቦታ አለ አባዬ" አለችኝ።

ይህ ሁሉ ግን መውጫው ነው። ችግሩ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ወደ ታላቋ ብሪታንያ የሚገባ ውሻ፣ ከአየርላንድ፣ ከፊንላንድ፣ ከማልታና ከኖርዌይ ካልመጣ በቀር፣ የትል መድኃኒት መዋጥ አለበት። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሐኪም ነው። የሚሰጠውም እንግሊዝ ከመድረሱ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢበዛ 120 ሰዓት ሲቀረው ነው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስምና ፋብሪካ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጽፎ ፈርሞ ያትማል። አንዱ ከጎደለ ውሻው አይሳፈርም።

ሕጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን አልክድም። በአውሮፓ ብዙ አገር በቀበሮና በሜዳ አይጥ መካከል የሚመላለስ ኤኪኖኮከስ የሚሉት ጥቃቅን የኮሶ ትል አለ። ውሻ አይጧን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ይቀመጣል። ውሻውን ምንም አያደርገውም። እንቁላሉ ሰው ሆድ ከገባ ግን ጉበት ላይ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድግና ሰው ይገድላል። እንግሊዝ ይህ ትል የለባትም፤ እንዳይገባባትም ትጠነቀቃለች። ክኒኑ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚመጣውን አይከለክልም። ስለዚህ ቀድሞ ቢወስድ በመንገድ ሌላ አይጥ ይበላል፤ ዘግይቶ ቢወስድ ትሉ ገና ሆዱ ውስጥ እያለ ይሻገራል። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስማ የተፈቀደው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ብቻ ነበር። ወደ 120 ያሰፉትን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው። 

አያችሁ፣ ሕጉ ልክ ነው፣ ትሉም እውነት ነው፣ ክኒኑም ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ነው ለማማረር የሚያስቸግረው። እኔ ግን አይከብደኝም።

ስፔን ደረስን። ከቫሌንሲያ ብዙ የማይርቅ የካራቫን ግቢ ውስጥ ሰፈርን። ፀሐዩን አልጠላሁትም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር እኔ ምስሬንና የወይራ ዘይቴን ይዤ ከካራቫኑ ደጃፍ እቀመጣለሁ፤ ቢስኩት ደግሞ ፊት ለፊቴ የተቀቀለ ዶሮ ይበላል። የስፔን ምስር ጥሩ ነው፤ ግን ዶሮ እያዩ ምስር መብላት ራሱን የቻለ ጾም ነው። ጥላ ፈልጌ ጥዱ ሥር ወንበሬን ሳወጣ ማርታ ጮኸች። "አባዬ፣ እዚያ አትቀመጥ! ትል አለ!" ለካስ በዚያ አገር ጥድ ላይ ተሰልፎ የሚሄድ ጠጉራም አባጨጓሬ አለ። ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ ከዛፍ ይወርዳል፤ ውሻ ቢያሸተው ወይም ቢልሰው ምላሱ አብጦ ሊበሰብስ ይችላል። ምሽት ላይ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች ተብሎ መድኃኒት የተነከረ ቀበቶ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል፤ የምታመጣው በሽታ ሌይሽማኒያ ነው፣ እኛ አገር ቁንጭር የምንለውም ካላዛርም ከዚያው ወገን ናቸው። እኔን ካላዛር የምታስይዝ ዝንብ ቆላ ስወርድ ስንት ጊዜ እንደነከሰችኝ ፈጣሪ ያውቃል። ቀበቶ ያሰረልኝ ግን አልነበረም።

እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ቢስኩት ለአንድ ጊዜ እንኳ በእውነት የታመመው። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ያራግፋል፣ በእግሩ ጆሮውን ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል። አየሁትና "ሣር ነው" አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ስልካቸው ላይ ይፈልጋሉ። በስፔን ከሚያዝያ ወዲህ ሜዳው ሲደርቅ የዱር ገብስ የሚመስል ሣር ፍሬ ያፈራል። ፍሬው ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይንቀሳቀስም፤ ጆሮ ወይም የጣት መሐል ከገባ እየተሳበ ይዘልቃል። የከብት ክትባት ቡድን መዝገብ ይዤ ቦረና የዞርኩ ሰው ሣር አላውቅም? ስልኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ "ሣር ሊሆን ይችላል" አላቸው። ስልኩን አመኑት።

ሐኪም ቤቱ ጋ ስንደርስ ተዘግቷል። ከቀትር በኋላ ከሁለት እስከ አምስት በእነሱ ሰዓት አገሩ በሙሉ ይዘጋል። ውሻው እየጮኸ፣ እኛ እዚያ በር ላይ ሦስት ሰዓት ፀሐይ እየሞቅን ቆየን። ለአንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ። አምስት ሰዓት ሲል በሩ ተከፈተ፤ አንዲት ወጣት ሐኪም ማደንዘዣ ሰጥታ ረጅም ቀጭን መቆንጠጫ አስገባችና ፍሬዋን አወጣች፤ ቢስኩት እየተንገዳገደ ወጣ። የታመመ ሄደ፣ ሐኪም አገኘ፣ ዳነ። እንዲህ ነው ነገር! በዚያ ሁሉ ጉዞ ሐኪም የሚባለው ነገር በአግባቡ ሲሠራ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሐኪሟ እግረ መንገዷን "መቼ ትመለሳላችሁ? የትሉን ክኒን ትፈልጋላችሁ?" ብላ ጠየቀች። ገና ነበር። ከአምስት ቀን በላይ ይቀረን ነበር። ክኒኑ እጇ ላይ፣ ማህተሙ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ውሻው ተኝቶላት ሳለ ሕጉ "አይሆንም" አለ።

ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋለ፤ በእነሱ ሜይ 5 ቀን 2024 ነው። ካራቫን ውስጥ ፈሰክሁ። እንቁላልና አይብ፣ ከግቢው ሱቅ የተገዛ የተጠበሰ ዶሮ፤ ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ አይነሳ። ባለቤቴ ከለንደን ደወለች። እሷ ገና ጉዞው ሲታሰብ "ጉልበቴን አሞኛል" ብላ የቀረች ብልህ ሴት ናት። ከስልኩ በስተጀርባ ሳቅ፣ የጎረቤት ድምፅና ከበሮ ይሰማል። "ጉልበትሽስ?" አልኳት። "ተመስገን፣ ዛሬ ተሽሎኛል" አለችኝ። ቢስኩት የእኔን የዶሮ አጥንት ይጠብቃል። አልሰጠሁትም። አጥንቱ ተሰንጥቆ ጉሮሮ ይወጋል፤ ከዚያ ደግሞ ሐኪም ፍለጋ ነው።

በማግስቱ ወደ ሰሜን ተነሣን። የመርከቡ ትኬት ለቅዳሜ ማታ ሜይ 11 ተቆርጧል። እንግዲህ አስሉት። ቅዳሜ ማታ ለሚደርስ ውሻ ክኒኑ ከሰኞ ማታ እስከ ዓርብ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ መዋጥ አለበት። ማርታ "ሰፊ ጊዜ አለን፤ ሰኞና ማክሰኞ እንነዳለን፣ ረቡዕ ፈረንሳይ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ስንደርስ አንድ ሐኪም ጋ ጎራ እንላለን" አለች። የቀረን ነገር ቢኖር ፈረንሳዮችን መጠየቅ ነበር።

ረቡዕ ሜይ 8 ለካ በዓል ነው፤ ጀርመን በ1945 እጅ የሰጠችበት። ይሁን፣ ድል ነው፣ ይከበር። በማግስቱ ሐሙስ ሜይ 9 ደግሞ ዕርገት ነው። ይኼኛው እኔን በጣም አስገርሞኛል። እኛ እሑድ ዕለት ክርስቶስ ተንሥአ ብለን ገና በሳምንቱ ውስጥ ነን፤ እነሱ ሐሙስ ላይ አሳረጉት። ቀመሩ ስለሚለያይ ነው፣ አውቃለሁ፤ ያን ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛ አምስት ሳምንት ቀድሞ ነበር። ግን ቤተ ክርስቲያናቸውን አልፈን ስንሄድ በሩ እንደ ሐኪሙ በር ተዘግቷል፤ የሚያስቀድስ ሰው አላየሁም። ጌታ ካረገ በኋላ ሁሉም ተከትሎት ሄዶ ይሁን ወይ ባሕር ዳርቻ፣ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ዓርብስ? ዓርብ በዓል አይደለም። ነገር ግን ሐሙስ በዓል፣ ቅዳሜ ዕረፍት ሆኖ ዓርብ በመካከል ብቻውን እንዳይቀር ብዙዎቹ እሱንም ዘግተው ከወዲያኛው ጋር ያያይዙታል። እኛ አገር በዓል ይበዛል እያሉ የሚወቅሱን ፈረንጆች እነዚህ ናቸው? በወር ስንት ታቦት አለ እያልኩ ስከራከርላቸው የኖርኩት ለምን ነበር?

ረቡዕ ከተማው ዝግ። ማርታ አንዱን ሐኪም ቤት ትደውላለች፤ በድምፅ የተቀዳ መልእክት ይመልሳል። ሌላውን ትደውላለች፤ ያው ድምፅ። እኔ ደግሞ በእግሬ ዞሬ አረንጓዴ መስቀል የሚያበራ ቤት አገኘሁና በደስታ ጠራኋቸው። ፋርማሲ ሆኖ ተገኘ። በዚያ አገር የሰው መድኃኒት ቤት መስቀሉ አረንጓዴ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሰማያዊ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ቀለም ይምታታል። ተረኛ ፋርማሲ ስለነበር ክፍት ነው። ፋርማሲስቷም ደግ ሴት ነበረች፤ የውሻ የትል ክኒን አለሽ ወይ ብትባል መደርደሪያው ላይ አሳየችን። ያው መድኃኒት! ዋጋውም ጥቂት ዩሮ። እጄን ዘረጋሁ። ማርታ እጄን ያዘችኝ። "አባዬ፣ እኛ ብንሰጠው አይቆጠርም፤ ሐኪም መስጠት አለበት።" እንግዲህ ትሉ ማን እንደገደለው ይጠይቃል ማለት ነው? ያለ ዲፕሎማ የተሰጠ ክኒን አልሞትም ይላል?

ሐሙስ። በፈረንሳይ ሕግ የእንስሳት ሐኪም በሩን ቢዘጋም ታካሚውን ያለ ረዳት አይተውም፤ ስልኩ ላይ የተረኛውን ባልደረባ ቁጥር ይናገራል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ማርታ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛዋ ቁጥሩን ጽፋ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳለ እነግራችኋለሁ።

ተረኛው ሐኪም "ውሻው ምን ሆነ?" አለ።

"ምንም አልሆነም።"

"ይደማል?"

"አይ፣ አይደማም።"

"ያስመልሰዋል?"

"ኧረ አሁን ቁርሱን በላ።"

"ታዲያ እመቤቴ፣ ለምን ደወሉ?"

"ደኅና ስለሆነ የትል ክኒን እንዲሰጡትና እንዲያትሙልን ነው፤ ቅዳሜ እንግሊዝ ..."

"እመቤቴ፣ እኔ የድንገተኛ ተረኛ ነኝ። የምመጣው ለታመመ ነው።"

"እውነቱን ነው!" ብዬ ጮህኩ። ከለንደን ከወጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሰማሁ። ማርታ ገላመጠችኝ። እኔም መፍትሔ አመጣሁ። "እንግዲያስ ሆዱን አሞታል በይው" አልኳት። "አባዬ፣ ከታመመ መጓዝ አይችልም፤ ጤነኛ ካልሆነ ወረቀቱ ላይ አይፈርምም" አለችኝ። ነገሩ አሁን ይግባችሁ። ሐኪሙ እንዲመጣ ውሻው መታመም አለበት፤ ማህተሙ እንዲመታ ውሻው ጤነኛ መሆን አለበት። አማቼ በዚህ መካከል ሻይ አፍልቶ አቀረበልን። እንግሊዞች ነገር ሲጨልምባቸው የሚያደርጉት ይህን ነው፤ ሌላ ነገር ሲያደርግም አይቼው አላውቅም።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ የት አገር ነው? በዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ነው። የከፈተው ክሎድ ቡርዥላ የሚባል የፈረስ አዋቂ ሲሆን፣ የተከፈተበት ዋና ምክንያትም ያኔ የአውሮፓን ከብት የሚፈጀው የከብት ወረርሽኝ ነው፤ እኛ ደስታ የምንለው በሽታ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጥቶ የአገራችንን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን ያመጣብን እሱ ነው። አያቴ በሬ አልቆ በዶማ ሲታረስ ያዩ ሰው ነበሩ። በእኔ የሥራ ዘመን ከብቱን ለመከተብ ቡድኑ በላንድሮቨር፣ ላንድሮቨሩ ሲያልቅበት በበቅሎ፣ በቅሎዋ ስትደክም በእግሩ ወደ ከብቱ ይሄድ ነበር። እኔም መዝገቡን ተሸክሜ። በሽታው በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ፤ ከሊዮኑ ትምህርት ቤት ልክ 250 ዓመት በኋላ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሙያ ለዓለም ያስተማረ አገር፣ ለአንዲት ክኒን አንድ ሐኪም አጣሁበት። ቦረና በረሃ ውስጥ አላጣሁም።

ያዳነችን ያኔ ያረፍንበት የፈረንሳይ ካራቫን ግቢ ባለቤት ናት። ከሶም ወንዝ አካባቢ ነበርን፤ "የአጎቴን ላሞች የሚያይ ሐኪም አለ፤ ለላም በዓል የለም፣ ዓርብም ይሠራል" አለች። ደወለችለት። ዓርብ ጠዋት ወደ ገበሬዎቹ ከመውጣቱ በፊት በሰባት ሰዓት ኑ አለ።

ሄድን። ሐኪሙ እንደ እኔ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጭቃ በጭቃ የሆነ የጎማ ጫማ ያደረገ ትልቅ ሰው ነው፤ ሌሊቱን ላም ሲያዋልድ አድሯል። እጁን ሲጨብጠኝ የላም ሽታ አለው። ወደድኩት። ቢስኩትን አየውና ሳቀ። እንዲህ ያለ ነገር ላም ተረከዝ ሥር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ማንበቢያውን አንገቱ ላይ አሳልፎ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ። ክኒኑን በአይብ ሸፍኖ ሰጠው። ቢስኩት አይቡን በላ፤ ክኒኗን ታጥባ የወጣች እስክትመስል ድረስ ልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ሁለተኛ አይብ፤ ያው። ሦስተኛው ላይ ሐኪሙ አይቡን ለራሱ በላና የውሻውን አፍ ከፍቶ ክኒኗን ከምላሱ ኋላ አስቀምጦ አፉን ይዞ ጉሮሮውን አሻሸው። ተዋጠ።

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩምና በማርታ አስተርጓሚነት ስለ ኮሶ ነገርኩት። እኛ ልጆች ሆነን በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ወቅጠው በጠላ በጥብጠው እንዴት ያጠጡን እንደነበር፣ ምሬቱ እንዴት ዓይን እንደሚያስፈጥጥ፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ እንደማይጠየቅ፣ ትሉም እንደሚወጣ፣ ማንም ማህተም እንደማይጠይቅ። የአገሩ ሰው ብራዬ የተባለ ሐኪም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ቁስጥንጥንያ ሆኖ ይህንኑ መድኃኒት አይቶ ለአውሮፓ እንዳስታወቀ፣ ዛፉም ለጊዜው በሱ ስም ብራዬራ ተብሎ እንደተጠራ ጨመርኩለት። ሐኪሙ በጣም ተደስቶ "ለውሻም ይሠራል?" አለ። "ውሻው ከጠጣልህ" አልኩት። ስለ ደስታ በሽታም አወራን፤ የሊዮን ተማሪ ነበር። ማርታ ሰዓቷን እያየች መተርጎም ሰለቻት፤ በኋላማ የማወራውን አሳጥራ ነው የምትነግረው፣ ገብቶኛል።

ሐኪሙ ጻፈ፣ ፈረመ፣ አተመ። ማርታ አመስግና ፋይሉን ልትዘጋ ስትል "ቆይ" አልኳት። ወረቀት ሳያነብ ያስገባ መዝገብ ቤት ሆኜ አላውቅም። የመድኃኒቱ ስም አለ። ፋብሪካው አለ። ቀኑ አለ። ሰዓት የለም። ሐኪሙ ግንባሩን መታና ብዕሩን አነሣ። ሰዓቱን ፈለገ፤ የእጅ ሰዓቱን ለላሟ ሲል አውልቆ ረስቶታል። እኔ የእኔን አየሁና "አንድ ሰዓት ከሩብ" አልኩት በአማርኛ፣ ጣቴን አንድ አድርጌ። "አባዬ! ሰባት ከሩብ ነው! የኢትዮጵያ ሰዓት እንዳትነግረው!" ብላ ማርታ ብዕሩን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት። እኔ ልክ ነኝ፤ ፀሐይ ከወጣ ገና አንድ ሰዓት ከትንሽ ነበር። ግን ሰባት ከሩብ ተብሎ ተጻፈ። ካሌ ወደብ ላይ ለክርክር ጊዜ የለንም።

ቅዳሜ ማታ ወደቡ ላይ ሴትዮዋ ከመስኮቷ ማንበቢያውን ሰጠችን፤ ማርታ ቢስኩት ላይ አሳለፈችው፣ ጮኸ፣ ቁጥሩ ታየ። ሴትዮዋ ፋይሉን ገልጣ ጣቷን በቀጥታ የሰዓቱ መስመር ላይ አሳረፈች። ሌላ ምንም አላየችም። ማርታ ወደ እኔ አልዞረችም፤ የአንገቷን ሁኔታ ግን ከኋላ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ዶቨር ወርደን ወደ ለንደን ስንነዳ "ያ ወረቀት እንግዲህ ለሚቀጥለው ይቀመጥ" አልኩ። "አይ አባዬ፣ አልቋል። አውሮፓ የሚያስገባው አንዴ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው አዲስ እናወጣለን።" የሚቀጥለው? አዎ፣ ለካ የሚቀጥለውን አስበውበታል፤ በዓመቱ ሜይ በዴንማርክ አድርገን ኖርዌይ ነው። ኖርዌይም ያ ትል የለባትምና ከመግባታችን በፊት ክኒኑ በሐኪም እጅ ይሰጣል፤ ስንመለስ ደግሞ በዴንማርክ ስለምናልፍ እንደገና በሐኪም እጅ። ሁለት ጊዜ። እኔ አልሄድም አላልኩም፤ አልሄድም ስል "እሺ አባዬ" ይሉኝና ሻንጣዬን ያዘጋጃሉ። ይልቅ የሁለቱን አገር የበዓል ቀናት ዝርዝር በትልቅ ፊደል አትመው እንዲሰጡኝ አዘዝኩና ከመነጽሬ ጋር ቁጭ አልኩበት። ኖርዌዮች ሜይ 17ን የሚያክል ትልቅ በዓል አላቸው፤ አገር ሁሉ ባንዲራ ይዞ ይወጣል፤ በላዩ ላይ ቀይ ብዕር አኑሬበታለሁ። ዕርገት እዚያም አለ። ዴንማርኮች ግን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በአራተኛው ዓርብ ያከብሩት የነበረውን ታላቁን የጸሎት ቀን ከ2024 ጀምሮ ከሥራ መዝጊያ በዓላት ሰርዘውታል። እኔ ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያስቀደስኩ ሰው፣ የጸሎት ቀን ተሰረዘ ሲባል ደስ አለኝ። ለንስሐ አባቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እንጃ።